“ስፓም” የሚለው ቁልፍ፦ ጥቂት ቅሬታዎች የአነስተኛ ንግድን ኢሜይል እንዴት ይዘጋሉ?

እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2025 ጀምሮ ጂሜይል የላኪዎችን መመሪያ በማያሟሉ መልእክቶች ላይ ቁጥጥሩን አጥብቋል። መመሪያው አዲስ አይደለም። ጎግልና ያሁ በኦክቶበር 2023 አስታውቀውት በፌብሩዋሪ 2024 ሥራ ላይ የዋለ ነው፤ ማይክሮሶፍትም ለአውትሉክና ለሆትሜይል አድራሻዎች ተቀራራቢ ግዴታ በሜይ 2025 አስጀምሯል። የተለወጠው ቅጣቱ ነው። መስፈርቱን ያላሟላ መልእክት ቀድሞ በአብዛኛው ወደ ስፓም፣ ማለትም ወደ ያልተፈለገ መልእክት ሳጥን ይገባ ነበር፤ አሁን ለጊዜው ወይም ጨርሶ ተመላሽ ሊደረግ ይችላል።

ይህ በተለይ ያሳሰባቸው ዋጋ፣ ቅናሽና አዲስ ዕቃ በኢሜይል የሚያስተዋውቁ አነስተኛ ድርጅቶችን ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ የውጭ ደንበኛ የሚፈልግ አስጎብኚን፣ አሜሪካ ውስጥ በርበሬና ቡና በኦንላይን የሚሸጥ ሱቅን፣ የእንግዳ ማረፊያን። በመካከላቸው የሚሰማው ማብራሪያ ግን የተምታታ ነው። አንዱ “ነፃ” እና “ቅናሽ” የሚሉ ቃላት ናቸው የሚያስጠምዱት ይላል። ሌላው የመላኪያ አገልግሎቱን ይወቅሳል። ሌላው ደግሞ ደንቡ የሚመለከተው በቀን ከ5,000 በላይ የሚልኩትን ብቻ ስለሆነ አያገባኝም ባይ ነው። ሦስቱም ዋናውን ነገር ስተውታል። የላኪን ስም ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ተቀባዮች “ስፓም” ብለው የሚያቀርቡት ቅሬታ ነው፤ ያ ቅሬታ ደግሞ በአብዛኛው የሚወለደው መልእክቱ ከመጻፉ በፊት፣ አድራሻው በተሰበሰበበት ዕለት ነው።

ቅሬታ ሲቀርብ ምን ይሆናል?

የስፓም ቅሬታ ማለት ተቀባዩ ደብዳቤ ጽፎ አቤት ይላል ማለት አይደለም። በኢሜይሉ ላይ “ስፓም ነው” የሚለውን ቁልፍ መጫኑ ብቻ በቂ ነው። ያ አንድ ንክኪ ሦስት ነገር ያደርጋል። መልእክቱን ወደ ስፓም ሳጥን ይወስዳል፤ ከዚያ ላኪ ወደዚያ ሰው የሚሄዱ ቀጣይ መልእክቶችም ስፓም ውስጥ የመግባት ዕድላቸው ይጨምራል፤ በተጨማሪም በላኪው ዶሜን ላይ፣ ማለትም ከ“@” ምልክት በኋላ ባለው የድርጅቱ ስም ላይ ነጥብ ያስመዘግባል። ብዙ ነጋዴ የማያስተውለው ይህን ሦስተኛውን ነው። አንድ ሰው ጠልቶት የተጫነው ቁልፍ፣ መልእክቱን የሚፈልጉት ሌሎች ደንበኞች ዘንድም እንዳይደርስ አስተዋጽኦ ያደርጋል።

ቃላትና ሥዕሎች ጨርሶ ሚና የላቸውም ለማለት አይደለም። ነገር ግን የዛሬ ማጣሪያዎች ከአንድ ቃል ይልቅ የላኪውን ታሪክ ይመዝናሉ። ተቀባዮቹ የሚጠብቁት ሱቅ “ቅናሽ” ብሎ ቢጽፍ ይደርሳል። ማንም የማያውቀው ላኪ በጨዋ ቋንቋ ቢጽፍም አይደርስም።

የ0.3 በመቶ ስሌት

ጎግል የስፓም ቅሬታ መጠን ከ0.1 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ 0.3 በመቶ መድረስ ደግሞ በፍጹም የለበትም። በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ መልእክት ወደ ጂሜይል አድራሻዎች የሚልክ “የጅምላ ላኪ” ይባላል፤ ተጨማሪ ግዴታዎችም አሉበት። የ0.3 በመቶው ጣሪያ ግን በሁሉም ላኪዎች ላይ የተጣለ ነው። “እኔ ትንሽ ነኝ” የሚለው መከላከያ የማይሠራው ለዚህ ነው።

ቁጥሩ በተግባር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ በምሳሌ እንየው። አንድ ሱቅ 4,000 አድራሻ አለው እንበል፤ ከእነዚህ 2,500ው ጂሜይል ናቸው። ከ2,500 ውስጥ 0.3 በመቶው 7 ተኩል ነው፤ ስለዚህ 8 ሰዎች ቁልፉን ከተጫኑ ጣሪያው ታልፏል። በተመከረው 0.1 በመቶ ከሄድን ደግሞ 3 ሰው ይበቃል።

ነገሩን የሚያወሳስበው ጎግል የሚያካፍልበት ቁጥር ነው። ስሌቱ የሚሠራው ወደ ዋናው ሳጥን በገቡ መልእክቶች ላይ ነው፤ በቀጥታ ወደ ስፓም የተወረወሩት አይቆጠሩም። ስለዚህ ከ2,500ው 1,500ው ቀድሞውኑ ስፓም ውስጥ ከገቡ፣ የቀሩት 1,000 ናቸው፤ ከእነሱ መካከል 3 ሰው ብቻ ቢያማርር 0.3 በመቶ ይሞላል። የተገላቢጦሹም እውነት ነው። ሁሉም መልእክት ስፓም ከገባ ሊያማርር የሚችል ሰው አይኖርምና መጠኑ ዜሮ ሆኖ ይታያል። ዝቅተኛ ቁጥር ያየ ላኪ ከመደሰቱ በፊት፣ ሰዎች ሊንኩን እየተጫኑና እየገዙ መሆናቸውን ማረጋገጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ዜሮ

እንደ ሜይልቺምፕና ብሬቮ ያሉ የመላኪያ አገልግሎቶች ለእያንዳንዱ ዘመቻ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ለዝርዝሩ ለሚላክ መልእክት፣ የቅሬታውን ብዛት “ዳሽቦርድ” በሚባለው የውጤት ገጽ ላይ ያሳያሉ። ብዙ ነጋዴዎች እዚያ ላይ “0” አይተው ችግር የለም ብለው ይደመድማሉ። ያሁና ማይክሮሶፍት አንድ ሰው ስፓም ሲል ለአገልግሎት ሰጪው መረጃ የሚመልሱበት አሠራር አላቸው፤ “ፊድባክ ሉፕ” ይባላል። አገልግሎቱም ያንን ሰው ወዲያው ከዝርዝር ያወጣዋል። ጂሜይል ግን ማን እንዳማረረ ለይቶ አይናገርም። ስለዚህ አብዛኛው ደንበኛው ጂሜይል የሆነ ሱቅ ዳሽቦርዱ ላይ የሚያየው ዜሮ፣ የጂሜይል ቅሬታ ያልተቆጠረበት ዜሮ ነው።

የጂሜይሉን መጠን ለማየት ያለው መንገድ ጎግል በነፃ የሚሰጠው “ፖስትማስተር ቱልስ” ነው። በጎግል አካውንት ይገባሉ፣ የድርጅቱን ዶሜን ያስመዘግባሉ፣ የሚሰጠውን አጭር ጽሑፍ ዶሜኑ በተገዛበት ድርጅት ዲኤንኤስ ገጽ ላይ ይለጥፋሉ። ዲኤንኤስ የዶሜን ስም ወደየት እንደሚያመራና በስሙ ማን መላክ እንደሚችል የሚመዘገብበት መዝገብ ነው። ችግሩ መሣሪያው የሚላከው ብዛት አነስተኛ ሲሆን መረጃ አለማሳየቱ ነው። ለእንዲህ ያለው ላኪ የሚቀረው ተዘዋዋሪ ምልክት ነው። የጂሜይል ተቀባዮችና የያሁ ተቀባዮች ሊንክ የመጫን መጠን ለየብቻ ይነጻጸር፤ የጂሜይሉ ብቻ ድንገት ካሽቆለቆለ፣ መልእክቱ እዚያ ወደ ስፓም እየገባ ነው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል።

ሰዎች ቁልፉን ለምን ይጫናሉ?

የመጀመሪያው ምክንያት ላኪውን አለማወቅ ነው። ይህ ደግሞ አድራሻው ከመጣበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነው። ከባዛርና ከኤግዚቢሽን የተሰበሰበ ቢዝነስ ካርድ፣ ከሌላ ነጋዴ የተገኘ የኤክሴል ፋይል፣ ከማኅበር አባላት ዝርዝር የተገለበጠ አድራሻ፣ ሁሉም አንድ የጋራ ጉድለት አላቸው፦ ባለቤቱ ከዚህ ድርጅት መልእክት እጠብቃለሁ አላለም። ካርዱን የሰጠው ሰው ስለ አንድ ዕቃ ሊነጋገር ፈልጎ ይሆናል፤ በየሳምንቱ ማስታወቂያ ይምጣልኝ ማለቱ ግን አይደለም። የተገዛ ዝርዝር ከሁሉም ይብሳል። በውስጡ ስፓመኞችን ለመያዝ ሆን ተብለው የተቀመጡ፣ ማንም የማይጠቀምባቸው “ወጥመድ አድራሻዎች” ሊኖሩ ይችላሉ።

በወረቀት ላይ የሚሰበሰብ አድራሻ የራሱ ጣጣ አለው። በእጅ የተጻፈ የላቲን “ኤል” እና ቁጥር 1፣ “ኦ” እና ዜሮ ይምታታሉ። በእኛ ስሞች ደግሞ አንዱ ፊደል በአንድና በሁለት ሆሄ ሊጻፍ ስለሚችል፣ የተሳሳተው አድራሻ ብዙ ጊዜ የሌላ እውነተኛ ሰው ሆኖ ይገኛል። ስልክ ሲገዛ ሻጩ በከፈተለት ጂሜይል የሚጠቀም፣ አድራሻውን በትክክል የማያስታውስ ደንበኛም ጥቂት አይደለም። የሌላ ሰው ደረሰኝና ማስታወቂያ በየጊዜው የሚደርሰው ሰው ስፓም ቢል አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ምክንያት ዝምታ ነው። በኢትዮጵያውያን ሱቆች ዘንድ የተለመደ አሠራር አለ፦ ዓመቱን ሙሉ ምንም ሳይላክ ይቆይና ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ሙሉ ዝርዝሩ ላይ የመልካም በዓል መልእክትና ቅናሽ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ውጤቱ ግን በሁለት በኩል ይጎዳል። ተቀባዩ ከዓመት በፊት አንድ ጊዜ የገዛበትን ሱቅ ረስቶታል። ማጣሪያው ደግሞ ለወራት ጸጥ ብሎ የከረመ ዶሜን በአንድ ቀን በሺዎች ሲልክ ሲያይ ይጠረጥራል፤ የተጠለፈ አካውንት ባሕርይም ይኸው ነውና። የበዓሉን መልእክት የሚፈልግ ሱቅ ቢያንስ በወር ወይም በሁለት ወር አንድ ጠቃሚ ነገር መላክ፣ የበዓሉንም ከቀናት በፊት ጀምሮ በቡድን በቡድን ከፋፍሎ ማስወጣት ይኖርበታል።

ሦስተኛው የላኪው ስም ነው። ደንበኛው የሚያውቀው የሱቁን ስም ሆኖ ሳለ ኢሜይሉ በሥራ አስኪያጁ የግል ስም ከመጣ እንግዳ ይሆንበታል። የላኪው ስም በደረሰኙና በመደብሩ ላይ ያለው ስም ይሁን፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በላቲን እየተቀያየረ አይጻፍ። ርዕሱም በሐሰት “ለመልእክትዎ ምላሽ” የሚመስል አይሁን። ያ ያስከፍታል፤ የተከፈተው ግን የሚያበቃው በቅሬታ ነው።

ከመልእክቱ አናት ላይ የሚቀመጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ቅሬታ ያስቀራል። ለምሳሌ፦ “ይህ መልእክት የደረሰዎት በሐምሌ ወር ከሱቃችን ቡና ሲገዙ የዋጋ ዝርዝር እንዲላክልዎ ስለመረጡ ነው። ካልፈለጉት እዚህ ይጫኑ።” ብዙ ላኪዎች ይህን የመሰለውን ከታች፣ በደብዛዛ ግራጫ ቀለም ይደብቁታል። ለአዲስ ተመዝጋቢዎችና ለረጅም ጊዜ መልእክት ላልደረሳቸው ደንበኞች ቦታው ከላይ ነው።

መውጫው ከቁልፉ መቅለል አለበት

ስፓም ማለት አንድ ንክኪ ነው። ከዝርዝር መውጣት ሦስት ገጽ፣ የይለፍ ቃልና “ለምን ትተውናላችሁ?” የሚል ቅጽ ከጠየቀ፣ ሰው የሚቀለውን ይመርጣል። የጅምላ ላኪዎች “በአንድ ንክኪ መውጫ” እንዲኖራቸው የተገደዱት በዚህ ምክንያት ነው። ይህ በመልእክቱ ውስጥ ካለው ሊንክ የተለየ ነው። በማይታየው የኢሜይሉ ራስጌ ላይ ሁለት መስመሮች ይጨመራሉ፤ ጂሜይል እነዚህን አንብቦ ከላኪው ስም አጠገብ የራሱን “ከዝርዝር ውጣ” ቁልፍ ያሳያል። ጥያቄው በ2 ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ጂሜይል በጁላይ 2025 ያወጣው “ሰብስክሪፕሽኖችን ማስተዳደሪያ” ገጽ ደግሞ ተጠቃሚው የተመዘገበባቸውን ላኪዎች በአንድ ቦታ አይቶ እንዲሰርዝ ያስችለዋል። ለነጋዴው ይህ መልካም ዜና ነው፤ እዚያ የሚወጣ ሰው ስፓም አላለም።

ከሁሉም የሚያስቆጣው ወጥቶ ሳለ እንደገና የሚላክለት ሰው ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው በክፋት ሳይሆን በፋይል አያያዝ ነው። ድርጅቱ ከአንድ የመላኪያ አገልግሎት ወደ ሌላ ሲዛወር የተመዝጋቢዎቹን ዝርዝር ይወስዳል፤ የወጡትን ዝርዝር ግን እዚያው ይተወዋል። ቆይቶ አንድ ሠራተኛ ኮምፒዩተሩ ላይ የቀረውን አሮጌ ኤክሴል ይጭናል፤ የወጡት ሁሉ ይመለሳሉ። ከመዛወር በፊት የወጡትን፣ ያማረሩትንና ተመላሽ የሆኑትን አድራሻዎች ለብቻ አውርዶ አዲሱ አገልግሎት ላይ “የማይላክላቸው” በሚለው ክፍል መጫን፣ አሮጌውን ኤክሴልም ማጥፋት ግድ ነው።

ሌላው የተለመደ ስሕተት በተራ ጂሜይል ብዙ አድራሻ ሸሽጎ፣ “ቢሲሲ” አድርጎ መላክ ነው። የግል ጂሜይል በቀን ከ500 በላይ ተቀባይ አይፈቅድም፤ ዋናው ጉዳቱ ግን መውጫ የሌለው መሆኑ ነው። ተቀባዩ ያለው ምርጫ ዝም ማለት ወይም ስፓም ማለት ብቻ ይሆናል።

የማንነት ማረጋገጫ

ማረጋገጫ ቅሬታን በራሱ አይቀንስም፤ ነገር ግን ያለ እሱ የሚላክ መልእክት ወደ ሚዛኑም አይደርስም። ሦስት ክፍሎች አሉት። ኤስፒኤፍ በዶሜኑ ስም መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ዲኪም መልእክቱ መንገድ ላይ እንዳልተለወጠ የሚያሳይ ዲጂታል ፊርማ ነው። ዲማርክ ደግሞ ሁለቱ ሳይሳኩ ሲቀሩ ተቀባዩ ምን እንዲያደርግ ይነግራል። የጅምላ ላኪዎች ሦስቱንም ማሟላት አለባቸው፤ ሌሎች ቢያንስ ከኤስፒኤፍና ከዲኪም አንዱን። ትንሽም ቢሆን ሦስቱንም ማድረግ ይሻላል።

በተግባር የሚያጋጥመው ብልሽት የታወቀ ነው። አንድ ዶሜን ሊኖረው የሚገባው የኤስፒኤፍ መስመር አንድ ብቻ ነው፤ አዲስ አገልግሎት ሲጨመር ሁለተኛ መስመር የሚለጥፍ ሰው ሁለቱንም ያበላሻቸዋል። አዲሱ አገልግሎት በነባሩ መስመር ውስጥ መግባት አለበት። የላኪ አድራሻን በጂሜይል ወይም በያሁ አድርጎ በመላኪያ አገልግሎት በኩል ማስወጣትም አያዋጣም፤ አገልግሎቱ በጎግል ወይም በያሁ ስም የመፈረም መብት ስለሌለው ማረጋገጫው ይወድቃል። የድርጅቱን የራሱን ዶሜን መግዛት ከዚህ ሥራ ቀዳሚው ወጪ መሆን አለበት።

ማጣራቱ ቀላል ነው። አንድ የሙከራ መልእክት ወደ ራስ ጂሜይል ይላካል፤ በኮምፒዩተር ከፍተው ሦስቱን ነጥቦች ተጭነው ኦሪጅናሉን የሚያሳየውን ይመርጣሉ። በሚመጣው ሠንጠረዥ ላይ ከሦስቱም ስሞች አጠገብ “ፓስ” የሚል ካልተነበበ ወደ ዲኤንኤሱ ይመለሱ። ተመላሽ መልእክት ላይ ከጂሜይል 550 5.7.26፣ ከአውትሉክ 550 5.7.515 የሚሉ ቁጥሮች ከታዩም ችግሩ የማረጋገጫ ነው።

ሕግና የጂሜይል ደንብ አንድ አይደሉም

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2004 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው የንግድ ኢሜይል ሕግ ቅድሚያ ፈቃድ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የማያታልል ርዕስ፣ እውነተኛ የፖስታ አድራሻና በ10 የሥራ ቀን ውስጥ የሚፈጸም መውጫ ነው። ስለዚህ ሕጋዊ የሆነ መልእክት ጂሜይል ዘንድ ሊወድቅ ይችላል፤ “ሕግ አልጣስኩም” የሚለው ክርክር እዚያ አይሰማም። በአውሮፓ ኅብረት ቅድሚያ ፈቃድ ዋናው ደንብ ሲሆን፣ ለነባር ደንበኛ ተመሳሳይ ዕቃ ለማስተዋወቅ የተወሰነ በር ክፍት ነው። እስራኤል ጠንካራ ናት። ከዲሴምበር 2008 ጀምሮ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ማስታወቂያ የተላከለት ሰው ጉዳት ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአንድ መልእክት እስከ 1,000 ሸቀል ካሳ መጠየቅ ይችላል። ርዕሱም ማስታወቂያ መሆኑን በመናገር መጀመር አለበት። እዚያ ላሉ የቤተ እስራኤል ደንበኞች የሚልክ ሱቅ ይህን ማወቅ አለበት።

በኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15 ያለ ተቀባዩ ቅድሚያ ፈቃድ የማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨትን በእስራትና በገንዘብ ያስቀጣል። የላኪው ትክክለኛ ማንነትና አድራሻ የተገለጸበት፣ ቀላል የመውጫ መንገድም ያለው መልእክት ግን በዚያው አንቀጽ ከቅጣቱ ውጭ ተደርጓል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን መረጃ ለመጠቀም ሕጋዊ መሠረት ያስፈልጋል ይላል።

የሚያከራክሩ ሁለት ነጥቦች

አንደኛው “ድርብ ማረጋገጫ” ነው፦ አድራሻውን ያስመዘገበ ሰው በኢሜይሉ የሚደርሰውን ሊንክ እስኪጫን ድረስ ወደ ዝርዝሩ አይገባም። የሚቃወሙት ሊንኩን ሳይጫኑ የሚቀሩ እውነተኛ ደንበኞችን ያሳጣል ይላሉ፤ እውነት አላቸው። ደጋፊዎቹ የተሳሳተና የሐሰት አድራሻ ከበር ይቀራል ይላሉ። ሚዛኑ የሚወሰነው አድራሻው በመጣበት መንገድ ነው። ገዝቶ ከፍሎ ደረሰኙ በኢሜይል የደረሰው ደንበኛ አድራሻው ተረጋግጧል፤ ማስታወቂያ እንደሚፈልግ ከተጠየቀ ይበቃል። በወረቀት፣ በባዛርና በዕጣ የመጣው ግን ያለ ድርብ ማረጋገጫ መግባት የለበትም።

ሁለተኛው የማይከፍቱ ተቀባዮችን መሰረዝ ነው። አድራሻ ንብረት ነው፣ ይቆይ የሚሉ አሉ። ነገር ግን “ከፍቷል” የሚለው ቁጥር ራሱ አፕል በ2021 ካመጣው የግላዊነት ጥበቃ በኋላ አያስተማምንም፤ የአፕል ሜይል መልእክቱን ሰውየው ሳያየውም የተከፈተ ሊያስመስለው ይችላል። ስለዚህ መለኪያው ሊንክ መጫን፣ መግዛትና ምላሽ መስጠት ይሁን። ለ6 ወር ከሦስቱ አንዱንም ላላደረገ ሰው “ይቀጥል?” የሚል አንድ መልእክት ይላክለት፤ መልስ ካልመጣ ይቁም። በዓመት አንዴ ለበዓል ብቻ የሚገዛ ደንበኛ ስላለ፣ የምግብና የስጦታ ሱቆች ጊዜውን እስከ 13 ወር ቢያራዝሙት ያስኬዳል።

ቅሬታው ከበዛ በኋላ

መጀመሪያ የማስታወቂያ መላክ ይቆማል፤ ደረሰኝና የትዕዛዝ ማረጋገጫ ግን ይቀጥላል። ሁለቱ በአንድ አድራሻ ሲወጡ የማስታወቂያው ቅሬታ ደረሰኙንም ስለሚጎትተው፣ ማስታወቂያው ከዋናው ዶሜን ሥር በተለየ ንዑስ ዶሜን እንዲወጣ ማድረግ የሚገባው አሁን ነው። አዲስ ዶሜን ገዝቶ ከቅሬታ ማምለጥ ግን አይሠራም፤ ታሪክ የሌለው ዶሜን በራሱ የሚጠረጠር ነው፣ ዝርዝሩ ካልጸዳም ቅሬታው ይከተለዋል።

ቀጥሎ ያለፈው ዘመቻ በአድራሻ ምንጭ ይከፋፈላል፦ ከኦንላይን ሽያጭ፣ ከባዛር፣ ከአሮጌ ኤክሴል የመጡት ለየብቻ። የያሁና የአውትሉክ ቅሬታዎች የተከማቹበት ምንጭ፣ የጂሜይሉም ቅሬታ የመጣበት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ያ ክፍል ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ መቶ አድራሻ ለማዳን ሲባል ሁለት ሺውን አደጋ ላይ መጣል አያዋጣም።

ከዚያ ባለፉት 60 ቀናት ለገዙ ወይም ሊንክ ለተጫኑ ደንበኞች ብቻ ይጀመራል፤ ውጤቱ እየታየ ቡድኑ ይሰፋል። ጎግል 0.3 በመቶን ያለፈ የጅምላ ላኪ የሚያቀርበውን የእርዳታ ጥያቄ አያስተናግድም፤ መጠኑ ለ7 ተከታታይ ቀናት ከጣሪያው በታች ሲቆይ ነው እንደገና ብቁ የሚሆነው። በእነዚያ ቀናት አንድ ተጨማሪ የጅምላ መልእክት ለአሮጌው ዝርዝር ከወጣ፣ ቆጠራው ከመጀመሪያው ሊጀምር ይችላል።